ወደ ታች የሚከፈተው በር

«ሙሽራ ወደ ኋላ አትመለስም! ስንቴ ልንገርህ?»

«እናቴ፣ እኔስ ስንቴ ልንገርዎት? ይኼ ሆቴል አይደለም። የምርምር ጣቢያ ነው።»

«አልጋ አለው?»

«አለው፤ ግን...»

«ጣሪያስ?»

«አለው።»

«ታዲያ ስሙን ምንም በሉት፤ እኔ ምን አገባኝ!»

እንዲህ የሚከራከሩት እትዬ ከድጃና አቶ ጌታሁን ናቸው። ቦታው የጣቢያችን በረንዳ፣ ጊዜው የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ነው። የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እትዬ ከድጃ የሙሽራዋ አክስት፣ አቶ ጌታሁን ደግሞ የጣቢያው ኃላፊ ናቸው። ከእትዬ ከድጃ ኋላ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ሚኒባሶች ቆመዋል። የአንደኛው መስታወት ላይ የተለጠፈው የወረቀት አበባ በዝናብ ቀልጦ ቀለሙ ይንጠባጠባል። እኔ ሻንጣዬን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልኩ በሁለቱ መካከል ቆሜያለሁ። ያን ዕለት ሥራዬን ለቅቄ ልሄድ ነበር፤ ወንዙ እነሱን ብቻ ሳይሆን እኔንም ነው ያስቀረኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ይመር እባላለሁ። ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡ፣ ሽፋናቸው ከተገነጠለ መጻሕፍት ነው የለመድኩት። ቤታችን ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነበር። አንድ ስንኝ ጀምሬ ሳልጨርስ አንዷ እህቴ ጨው ግዛ ትለኛለች፣ አንዱ ወንድሜ እስክሪብቶዬን ይዞብኝ ይሄዳል። ስለዚህ «ሸለቆ ውስጥ ያለ የምርምር ጣቢያ የእንግዳ ክፍሎችን የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል፤ ቦታው ጸጥ ያለ ነው» ሲሉኝ ስለ ሥራው እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

ጸጥታው ግን በዛብኝ። ጣቢያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው አስፋልት ተገንጥሎ፣ አንድ ወንዝ ተሻግሮ ነው ያለው። ተመራማሪዎች እየመጡ አፈሩ በዝናብ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ሳሩ እንዴት እንደሚያገግም ያጠናሉ። እነሱ ሲሄዱ የምንቀረው እኔ፣ አቶ ጌታሁን፣ ዘበኛውና ነፋሱ ነን። አንሶላ አነጥፋለሁ፤ በፀሐይ የሚሞቀውን የመታጠቢያ ውሃ አያለሁ፤ ማንም ያልተኛበትን አልጋ አቧራ አራግፋለሁ። ሕንጻው በድንጋይ የተሠራ ረጅም ቤት ነው። የፊት በሩ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ያያል። ከዚያ ገብታችሁ ኮሪደሩን ስትከተሉ መጀመሪያ ተደራራቢ አልጋ ያላቸውን የእንግዳ ክፍሎች፣ ቀጥሎ አዳራሹንና ማእድ ቤቱን፣ መጨረሻ ላይ ቤተ ሙከራውን ታገኛላችሁ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሌላ በር አለ። ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ የሚከፈት ነው። በላዩ በቀይ ቀለም «የአደጋ ጊዜ መውጫ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሕንጻው ሲሠራ ግድ ነው ስለተባለ ተሠራ እንጂ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። የአፈር ናሙና የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ተደግፎበታል። አንድ ቀን ከቁም ሣጥኑ ጎን ባለው ክፍት ቦታ፣ በሩ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ቁልፍህ የዛገ በር፣ ማን ነው የወጣብህ?

ሁለተኛው ስንኝ እምቢ አለኝ። ወር አልፎ ወር ሲተካ እምቢ እንዳለኝ ቀረ። እውነቱን ለመናገር በሩ እኔው ራሴ እየመሰለኝ ነበር። ሥራውን ልተው የተነሣሁትም ለዚህ ነው፤ ግጥም ያለው ሰው ያለበት ከተማ ነው ብዬ ወስኜ።

ወደ በረንዳው እንመለስ። ሙሽራዋ ሐያት ከሸለቆው በላይ ካለው ሰፈር ነው የመጣችው። ኒካው ጠዋት በአባቷ ቤት ታስሯል። ሙሽራው አሕመድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ወደ ቤተሰቦቹ ሊወስዳት ሲወርዱ ወንዙ ሞልቶ አገኛቸው። ጣቢያው ደርሰው ቆሙ። ከፊታቸው ደፍራሽ ውሃ፣ ከኋላቸው የአባቷ ቤት።

«ነገ ከውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ» አሉ አቶ ጌታሁን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፍራሹ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። ሁሉም በእኔ ስም የተረከብኩት ንብረት ነው።»

«በየት በኩል ነው የሚመጡት?» አሉ እትዬ ከድጃ።

«በዚሁ በመንገዱ ነዋ።»

«እኛ ያልተሻገርነውን ወንዝ እነሱ በክንፍ ይሻገሩታል?»

«ነገ ውሃው ይጎድላል።»

«እንግዲያው ነገ ውሃው ሲጎድል እኛም እንሄዳለን!»

ሚዜው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ጣቢያ ከባዶ ሜዳ ተነሥተው፣ እያንዳንዱን መስኮት ራሳቸው እየለኩ ያሠሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ሳህን ሲሰበር ፊታቸው የሚጠቁር። «ወደ ላይ ተመልሳችሁ እደሩ፤ መንገዱ ክፍት ነው» አሉ በመጨረሻ።

ያኔ ሚኒባሱ መስኮት ላይ የሐያትን ፊት አየሁ። ሻሿን ትንሽ ገለጥ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። «ተመልሳችሁ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ሻሹን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለችው።

እትዬ ከድጃ መከራከሩን ተዉት። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ያ ረቢ!» አሉ። አጃቢው ሁሉ፣ በረንዳ ላይ ያለውም ዝናብ ውስጥ ያለውም፣ መዳፉን ዘረጋ።

«ዝናቡን የራሕመት፣ የምሕረት ያድርገው!»

«አሚን!»

«የታመመውን ይማረው፣ የራቀውን ያቅርበው!»

«አሚን!»

የእኛን አገር ለማያውቅ ልንገረው። ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ እጁን ኪሱ ከቶ የሚቆም ሰው የለም፤ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን። አቶ ጌታሁን ክር አንገታቸው ላይ እያለ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሁሉም ጎላ ባለ ድምፅ አሚን ይሉ ነበር።

«ይህን ሸለቆ ሰላም ያድርገው!»

«አሚን!»

«ለሙሽራ ይህን በር የከፈተውን ሰው፣ ልጆቹን ድሮ ለመኳል ያብቃው!»

«አሚን!» አሉ አቶ ጌታሁን።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«እንግዲህ ጌታሁን ልጄ» አሉ እትዬ ከድጃ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ እያበሱ፣ «አሚን ብለሃል።»

«እናቴ፣ ይኼ ተንኮል ነው።»

«ዱዓ ነው።»

አቶ ጌታሁን ሰማዩን አዩ፣ ሚኒባሱን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። «ይመር፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሻንጣህን አስቀምጥና አንሶላ አውጣ!» አሉ።

ሻንጣዬን በሩ ሥር አስቀመጥኩ። ለሙሽሮቹ አንድ የእንግዳ ክፍል ከፈትን፤ ሌላው አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈለት። አቶ ጌታሁን በሩ ላይ ቆመው «ጫማ! ጫማ!» ይላሉ። ጭቃ የነካ ጫማ በረንዳው ላይ በረድፍ ተደረደረ። ሚዜው ተደራራቢውን አልጋ ባየ ጊዜ «አሕመድ፣ አንተ ከላይ ነህ ከታች?» ቢለው ሙሽራው በትራስ መታው። እትዬ ከድጃ «ዝም በል አንተ ባለጌ!» አሉ፤ ግን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም የተስተካከለ መሰለን። እትዬ ከድጃ ግን ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው ፊታቸው ተለውጦ መጡ።

«ጌታሁን፣ ነገ በየት በኩል ነው የምትወጣው?»

«ማን?»

«ሐያት።»

«በገባችበት በር ነዋ።»

«በገባችበት? ፊቷን ወደ አባቷ ቤት አዙራ?»

አቶ ጌታሁን ትዕግሥታቸው አለቀ። «እናቴ፣ በር በር ነው! ወጥታ ትዞራለች፤ መኪናው ውስጥ ትገባለች፤ አለቀ።»

እትዬ ከድጃ እንደ ቅድሙ መልስ ይሰጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሰጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ታላቅ እህቷን ፋጡማን የዳርናት ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ። ለአንድ ሌሊት ምን አላት ብለን ወደ አባቷ ቤት መለስናት። እኔ ነኝ መልሷት ያልኩት። ዓመት ሳይሞላ ትዳሩ ፈረሰ። ባልየው ጠጪ ነበር፤ ሰው ግን እሱን አላነሣም። ተመልሳ ገብታ የለ እንዴ፣ ምን ይጠበቃል አለ። ፋጡማ እስካሁን ሰርግ ቤት አትገባም። ዛሬ እንኳ የእህቷን ሰርግ ጓዳ ሆና ነው የሰማችው። እኔ አላህ በበር ይፈርዳል አልልም፤ ሰው ግን ይፈርዳል። ነገ ሐያት ከባሏ ጋር ትንሽ ብትጋጭ፣ ፊቷን አዙራ ወጥታ የለ እንዴ ይሏታል። ይህን ቃል እንዳትሰማ ነው የምለፋው።»

«ሌላ በር አለ» አልኩ እኔ። «ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ወደ ታች የሚከፈት።»

«እሱ አይሆንም» አሉ አቶ ጌታሁን፣ ድምፃቸው ግን ረጋ ብሎ። «ቁልፉ ዝጓል። ቁም ሣጥኑ ሙሉ የአፈር ናሙና ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ የስንት ሰው ድካም ነው። አይሆንም።»

ሲመሽ ሴቶቹ ለሰርጉ ያሰናዱትን ስንቅ ፈቱ። እትዬ ከድጃ ማንም ሳያስታውሳቸው፣ ከሥጋው ያልተነካካ አይብና ቅቤ የጠጣ ሽሮ ለብቻው በሳህን ለይተው «ይኼ ያንተ ነው» ብለው ለአቶ ጌታሁን አቀረቡላቸው። አቶ ጌታሁንም ሳይጠይቁ ተቀበሉ። ከአፍታ በፊት ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ከዚያ ዘፈን መጣ። ከበሮው ዝናብ ነክቶት አልጮህ ስላለ አንዷ ሴት የአፈር ናሙና የሚታጠብበትን ባልዲ ገልብጣ መታች። አቶ ጌታሁን ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ «እሱን ተይው፣ ስንጥቅ አለበት። ያንን ሰማያዊውን ውሰጂ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሴቶቹ የሚያውቁትን ሁሉ ዘፍነው ጨረሱ። «አዲስ ግጥም የሚያወጣ ሰው የለም?» ተባለ። አቶ ጌታሁን በማንኪያቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱ ገጣሚ ነው። ግድግዳ ሲያበላሽ ነው የሚውለው።»

ተነሣሁ። ከግጥሞቼ ሁሉ እጅግ የምኮራበትን፣ ስለ ጠፈርና ስለ ዘላለም ዝምታ የጻፍኩትን ረጅም ግጥም በቃሌ አነበነብኩላቸው። ስጨርስ አዳራሹ ፀጥ አለ። ዘላለማዊው ዝምታ መጣ ማለት ነው።

«ልጄ» አሉ እትዬ ከድጃ በእውነተኛ ርኅራኄ፣ «ማን ሞቶብህ ነው?»

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቁጭ ልል ስል ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሐያት አልሳቀችም። ሻሿ ሥር ሆና ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ወደ ቤተ ሙከራው ነው የምታየው። ቅድም በኮሪደሩ ስናወራ የሰማችን መሆን አለበት።

«አንዲት ስንኝ አለችኝ» አልኩ። «ያ የማይከፈተው በር ላይ የጻፍኳት። ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ እምቢ ብላኛለች።» ከዚያም አልኳት፦

«ቁልፍህ የዛገ በር፣ ማን ነው የወጣብህ?»

ሴቶቹ ተቀባበሏት። ባልዲው ተመታ። ያችን እኔ በጸጥታ ውስጥ ብቻዬን ያሻሸኋትን ስንኝ በጭብጨባ፣ በዜማ፣ ደጋግመው አሏት። መልሷን የሚሰጥ ግን ጠፋ። እየዞረች ትመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ባዶ ሆና ትመለሳለች። ጭብጨባው ሊደክም ሲል ከጥጉ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፦

«እስኪነጋ ጠብቀኝ፣ ሙሽራ ልውጣብህ።»

መጀመሪያ ማንም አላመነም። ሙሽራ በሰርጓ ቀን አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች እንጂ ግጥም አትመልስም። ሐያት ራሷ ያለችውን ስትሰማ ደንግጣ ሻሿን ይበልጥ ሳበችው። ከዚያ እልልታው! አሕመድ አፉን ከፍቶ ሚስቱን ያያታል፤ ያን ቀን ያገባት ሳይሆን ገና አሁን ያገኛት ይመስል። እትዬ ከድጃ ከተቀመጡበት ሆነው እያጨበጨቡ ያለቅሳሉ።

አቶ ጌታሁን ሳህናቸውን አስቀምጠው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ከኮሪደሩ መጨረሻ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲጎተት ሰማን። ሄድኩ። ኮታቸውን አውልቀው፣ የናሙናዎቹን ካርቶኖች እንደ ቅደም ተከተላቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ባዶውን ቁም ሣጥን እየገፉ ነበር።

«ያዝልኝ በዚያ በኩል» አሉ። ያዝኩላቸው።

«ይህን በር ሲያሠሩኝ ተጣልቻቸው ነበር» አሉ እያለከለኩ። «በዚህ ሸለቆ ማን ይወጣበታል፣ ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ።» ከዚያ በሩ ላይ የተጻፈውን አዩ። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ቀለም ነው እርሳስ?»

«እርሳስ። ይጠፋል።»

«እንዳታጠፋው።»

ቁልፉ ግን አልዞርም አለ። በማእድ ቤት ዘይት አራስነው፤ አሁንም እምቢ አለ። አቶ ጌታሁን ተጨማሪ ዘይት አፈሰሱበትና «ይደርበት» አሉ። ለእትዬ ከድጃ እንዲህ ሆነ ብለን አልነገርናቸውም። እሳቸውም አልጠየቁንም፤ ዘይቱን ስንወስድ ግን አይተዋል።

አንባቢዎቼ፣ ሕይወቴን የለወጠው ነገር እዚህ ጋ ነው ብላችሁ ብትጠብቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የትኛው ቅጽበት እንደሆነ ስፈልግ ነበር። የተሳቀብኝ ጊዜ ነው? ሙሽራዋ የመለሰችልኝ ጊዜ? የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግጥም ሰው የሌለበት ቦታ የሚጨረስ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ሰው በዛ ብዬ ሸሸሁ፤ ሸለቆው ሰው አነሰው ብዬ ልሸሽ ነበር። የጎደለኝ ስንኝ ግን በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነበረች፤ ያውም በዚያ በር መውጣት የምር በሚያስፈልጋት ሰው። እኔ በሩን አይቼ አዘንኩ፤ እሷ አይታ መውጫ አደረገችው። አሁን አንድ ስንኝ ሲቸግረኝ ለእንጀራ ጋጋሪዋም ለሹፌሩም እነግራለሁ። ብዙ ጊዜ ይስቁብኛል። አንዳንዴ ግን ይመልሱልኛል።

እናንተም ያልጨረሳችሁት ነገር ካለ ለሰው ንገሩት። ቢስቅባችሁ ምን ይቀርባችኋል?

የቀረው የጠዋቱ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሸለቆው ሁሉ ያበራል። ሹፌሩ ወንዙን በዱላ እየለካ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ብቻ ረጥቦ ተመለሰ። ሚኒባሶቹን ሕንጻውን አዙረው ከታች በኩል አቆሟቸው። ሁላችንም ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ በአፈር ካርቶኖች መካከል ተጨናንቀን ቆምን። አቶ ጌታሁን ቁልፉን ጨበጡ። አልዞረም። እትዬ ከድጃ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አቶ ጌታሁን «ቢስሚላህ ይበሉበት እስቲ» አሏቸው፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሉበት። ቁልፉ አንዴ ጮኸና ዞረ። በሩ አቧራውን እያራገፈ ተከፈተ፤ የወንዙ ድምፅና ፀሐይ አብረው ገቡ።

«ልጄ ይመር፣ አንድ ወንበር አለን» አሉኝ እትዬ ከድጃ። «ኮምቦልቻ እናድርስህ።»

ሻንጣዬን ከፊት በሩ ሥር ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ እግሬ ሥር ተቀምጧል። እንግዶቹ ከሰዓት ይደርሳሉ፤ ያልተነጠፈ አልጋ ሞልቷል።

«አንሶላዎቹ አልታጠቡም» አልኳቸው። «ይቅናችሁ።»

እትዬ ከድጃ ገባቸውና ግንባሬን ሳሙኝ።

ሐያት በአሕመድ ክንድ ተደግፋ መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ፣ በእርሳስ የጻፍኳትን ስንኝ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ከዚያ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ወጣች። ቁልቁል፣ ወደ ወንዙ፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ሄደች። አጃቢው ተከተላት፤ እልልታው ከሸለቆው ወዲያ ማዶ መትቶ ተመለሰ።

አቶ ጌታሁን የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ጠበቁና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። እኔ ከውስጥ ነበርኩ።